የፓቭሎቭ ውሾችና የመስከረሙ ጎርፍ

በሀብሩ ወረዳ ሲሪንቃ አካባቢ ላም የሚያልብ ገበሬ አስቀድሞ ጥጃዋን ጡት ያስቀምሳል። የጥጃዋን ድምፅ ወይም የማለቢያውን ኳኳታ ገና ስትሰማ ወተቷን የምታወርድ ላምም አለች። በልምድ የሚገኘውን እንዲህ ያለ ምላሽ ጠብታ እየቆጠረ የመረመረው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ነው።

ፓቭሎቭ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም ራያዛን በተባለች ከተማ ከካህን አባት ተወለደ። እርሱም ካህን ይሆን ዘንድ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ቢገባም፣ ሳይጨርስ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ አቀና። ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ጥናት በ1897 ዓ.ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን የውሾች ምራቅ ነው። ውሾቹ ምግብ ሳይቀርብላቸው፣ የመጋቢያቸውን ኮቴ ሰምተው ብቻ ምራቃቸው ይወርድ ነበር።

መስከረም 13 ቀን 1917 ዓ.ም የኔቫ ወንዝ ሞልቶ ያችኑ ከተማ፣ በአዲሱ ስሟ ሌኒንግራድን፣ አጥለቀለቃት። ውኃው ውሾቹ የታሰሩበት ቤት ገባ። የማደሪያቸው በር ዝቅተኛ ስለነበር፣ ጠባቂዎች የውሾቹን ጭንቅላት ውኃ ውስጥ እየደፈቁ አወጧቸው። ውሾቹ ከሞት ቢተርፉም ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ለብዙ ጊዜ የተማሩትን ምልክት ሁሉ ረሱ። ምግብም አልቀበል ያለ ነበር። ትምህርቱ ቀስ በቀስ የተመለሰው የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ሲቀመጥ ነው፤ ለአንደኛው ውሻ የዚያ ሰው ልብስ ሽታ እንኳ በቅቶታል። ከዳኑ በኋላ በበር ሥር ጥቂት ውኃ ሲለቀቅ ግን የቀድሞው ድንጋጤ አገረሸ። ከፓቭሎቭ ሥራዎች ሁሉ ለከብት አርቢ የሚቀርበው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በአንጎል ውስጥ የሚመነጨውን ቅመም ለክተው ያሳዩት ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው። የለመደችው ምልክት የላሟን አንጎል ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ያስለቅቀዋል፤ ሆርሞኑም በደም ተጉዞ ወተቱን ከጡቷ ጓዳዎች ጨምቆ ያወርዳል። ስትታለብ ከተመታች ወይም ውሻ ካስደነገጣት አድሬናሊን ይነሣና ሥራውን ያግዳል። ወተቱ በጡቷ ሳለ ማለቢያው ባዶውን ይመለሳል፤ ገበሬውም ላሚቱ ነጠፈች ብሎ ያዝናል።

ፓቭሎቭ ያረፈው በ86 ዓመቱ፣ ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወራሪ ጋር በምትዋጋበት በየካቲት 1928 ዓ.ም ነው።