ሊማሊሞ ላይ አሞራ የመታው ሰውዬ፦ የጄምስ ብሩስ ነገር

ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን በመኪና የወረደ ሰው ያን ጥምዝምዝ መንገድ መቼም አይረሳውም። መኪና መንገዱ ከመሠራቱ ከ160 ዓመት በፊት ግን 1.93 ሜትር የሚረዝም አንድ ስኮትላንዳዊ ከታች ወደ ላይ ወጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ፣ በእኛ 1762 ዓ.ም. ማለት ነው። ስሙ ጄምስ ብሩስ፤ የአገሩ ሰው ግን ያዕቆብ ይለው ነበር።

ጫፉ ላይ ደርሰው አሽከሮቹ የፍየል ሥጋ ሲቀቅሉ አንድ ግዙፍ ባለጢም አሞራ መሬት ለመሬት እየበረረ መጣ። ሰው አልፈራም። እግሩን የፈላ ድስት ውስጥ ከትቶ ተቃጠለ፤ ከዚያ አጠገቡ ካለው ሥጋ ላይ አንድ ቅልጥምና አንድ ወርች ይዞ ሄደ። ብሩስ ይመለሳል ብሎ ጠመንጃውን አቀባብሎ ጠበቀው። እውነትም ተመለሰ፣ ተመታም። ሰውዬው ግን መግደል ብቻ አይበቃውም፤ ክንፉን ዘርግቶ ለካው። ሁለት ሜትር ተኩል ሆነ።

ብሩስ የተወለደው በ1730 ነው። የዓባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ በ1769 ምጽዋ ገባ፣ በአድዋ አድርጎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ዛሬ ደባርቅና ዳባት ያሉበትን የወገራ ደጋ አቋርጦ ጎንደር ደረሰ። ከተማዋ ፈንጣጣ ገብቶባት ነበር። ሕክምና ትንሽ ትንሽ ስለሚያውቅ የእቴጌ ምንትዋብን ቤተሰብ አከመ፣ በዚያው የቤተ መንግሥት ሰው ሆነ።

እኛን ከሕክምናው ይልቅ የገረመችን ሻማዋ ናት። ገብረ መስቀል የሚባል የራስ ሚካኤል የእህት ልጅ፣ የነፍጠኞች አለቃ፣ በተኳሽነቱ ይፎክር ነበር። ብሩስም አንተ በብረት ጥይት ከምትሠራው እኔ በሻማ ቁራጭ የምሠራው ይበልጣል አለው። ነገሩ ወደ ድብድብ ዞረ፤ ጩቤም ወጣ። ወሬው ወጣቱ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጆሮ ሲደርስ፣ በል አሳየና ተባለ።

ሦስት ጋሻ ተደርድሮ ቆመ። ጋሻ ስንል ጦር እንዲመልስ የተሠራ ወፍራም የቆዳ ጋሻ ነው። ብሩስ ግማሽ የሞራ ሻማ ጠመንጃው ውስጥ ከተተና ተኮሰ። ሦስቱንም በሳቸው። የቀረውን ግማሽ ደግሞ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ተኮሰ፤ እሱንም በሳው። አስማት ነው ያሉ አልጠፉም። ግን አስማት የለበትም። ሞራ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ግን ፍጥነቱ ለመበተን ጊዜ አይሰጠውም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመምታት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ትምህርት ቤት የተማርናት ነገር ናት።

ብሩስ መሣሪያ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም። በምዕራቡ ቆላ የሚኖሩ አዳኞች ደጋን ላይ ያየውንም ጽፏል። አዳኙ አውሬ በገደለ ቁጥር ከቆዳው ቀለበት ቆርጦ ገና እርጥብ ሳለ ደጋኑ ላይ ያጠልቀዋል። ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። አንድ ቀለበት፣ አንድ ግዳይ። ታዲያ ግዳዩ እየበዛ ሲሄድ ደጋኑ መለመጥ እምቢ ይላል! በቃ፣ አዳኙ ያኖረውና ሌላ ይይዛል። ሲሞት ከእነዚህ ደጋኖች አንዱ አብሮት ይቀበራል፤ ሲነሣ እንዲነሣ ነው፣ ያኔ ጉልበቱ ስለሚጨምር ይለምጠዋል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደጋን ሲሳብ የውጭ ጎኑ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል። ቱርኮችና ሞንጎሎች የእንስሳ ጅማት በቀጭን በቀጭኑ ሰንጥቀው በውጭ ጎኑ ላይ፣ በርዝመቱ፣ በሙጫ ይለጥፉ ነበር። ጅማቱ ተለጥጦ መልሶ ስለሚስብ ፍላጻው ይፈጥናል። የቆዳ ቀለበት ግን ደጋኑን በወርዱ ነው የሚያቅፈው። ክብደትና ግትርነት ይጨምራል እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ባለቤቱም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለንም፤ ክብሩን መርጦ ነው።

ብሩስ ከዚህ ተነስቶ ሩቅ ሄደ። ሄሮዶቱስ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ፦ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ለፋርሱ ካምቢሴስ ደጋን ልኮ፣ ሰዎችህ ይህን በቀላሉ መሳብ ሲችሉ ያኔ ለጦርነት ና አለው። ብሩስ ያ ደጋን እንዲህ በቀለበት የደነደነ ነበር ይላል። ሐሳቡ ያጓጓል፣ ግን በሁለቱ መካከል ከ2200 ዓመት በላይ አለ፤ እኛ አልዋጥልን ብሏል።

በ1770 መጨረሻ ጊሽ ዓባይ ደረሰ፣ በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ከጎንደር ወጣ። ይዟቸው ከሄዱት የግዕዝ መጻሕፍት መካከል አውሮፓውያን ጠፋ ብለው የተዉት መጽሐፈ ሄኖክ አለበት። በ1774 ለንደን ሲገባ ግን ሥጋ በጥሬው ይበላል ሲላቸው ሳቁበት። ጎንደር ላይ አላምን ላለው ሰው ጋሻ አቁሞ ይተኩሳል፤ ለንደን ላይ ምን ያቁም? ከጎንደር ከወጣ 19 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1790፣ ጉዞውን በአምስት ቅጽ አሳተመ። በ1792 የባሮን ሙንሃውዘን የውሸት ተረቶች ተከታይ ለእሱ መታሰቢያ ተብሎ ወጣ። እንግዲህ ስድቡ እስከዚህ ድረስ ነው።

ግን እሱም ንጹሕ አልነበረም። አብሮት የመጣውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ከጊሽ ጉዞ ታሪክ አውጥቶታል፣ ሥዕሎቹንም የራሱ አድርጓል። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ስለሞተ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን አይቶ መጻፉንም ውሸት ነው ብሎ ተከራከረ። የጊሽ ሰዎችማ ምንጩን ሲያዩት ኖረዋል፣ እነሱን የቆጠራቸው የለም።

ብሩስ በሚያዝያ 1794፣ ኪኔርድ በሚባለው የትውልድ ርስቱ፣ አንዲት እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።