የሁረም ሱልጣን ማዕድ ቤት

ባለፈው ዓመት ብድር የጠየቁ እህቶቻችንን ገንዘቡ አልቋል ብለን ባዶ እጃቸውን መልሰናል። የተሰጠንን እርዳታ ከነዋናው ስለተጠቀምንበት ነው። ሂሳቡን ስንዘጋ አንዲት የጥንት ሴት ትዝ አለችን፤ ታሪኳን ለአባላትና ለደጋፊዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

ሁረም የተወለደችው ዛሬ ዩክሬን በሚባለው አገር ነው። በለጋ ዕድሜዋ ተማርካ በባርነት ኢስታንቡል ገባች። የኦቶማኑ ሱልጣን ሱለይማን ነፃ አውጥተው በሕግ አገቧት፤ ይህ በዚያ ቤተ መንግሥት ያልተለመደ ነገር ነበር።

ሀብት ስታገኝ ድሆችን አልረሳችም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1550ዎቹ በኢየሩሳሌም ማዕድ ቤት አቋቋመች። መስጊድ፣ 55 ክፍሎች ያሉት የእንግዶች ማረፊያ፣ ወጥ ቤትና ዳቦ መጋገሪያ ነበረው። በየቀኑ 400 ድሆች ጠዋት የሩዝ፣ ማታ የተከካ ስንዴ ሾርባ ከዳቦ ጋር እንዲያገኙ ተደነገገ።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ሶደቃ ዛሬ ተሰጥቶ ዛሬ ይበላል። ወቅፍ ግን ዋናው አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ለድሃው የሚውለው ገቢው ብቻ ነው። ሰው ወቅፍ የሚያደርገው የራሱን ንብረት ስለሆነ ሱልጣኑ በቅድሚያ ለእሷ ሰጧት፤ እሷም የበርካታ መንደሮችን ገቢ፣ ወፍጮዎችንና መታጠቢያ ቤቶችን ወቅፍ አደረገች። እርግጥ ነው፣ የድሆቹ ሾርባ የሚመጣው ከገበሬው ግብር ነበር፤ አዝመራ ሲበላሽ ማዕድ ቤቱም ይቸገራል። ስለዚህ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ተደነገገ፤ አስተዳዳሪ፣ ጸሐፊና ገቢ ሰብሳቢ ተሾሙ። የገቢና የወጪ መዝገቦቹ እስከ ዛሬ ይገኛሉ፤ እኛ የሂሳብ ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተን ይህ ነው።

ሁረም በ1558 አረፈች። ማዕድ ቤቱ ግን አልተዘጋም፤ ከ450 ዓመታት በላይ አልፎም ለችግረኞች ያበስላል።

እኛ መንደርም ሱልጣንም የለንም። ነገር ግን ከወርሃዊ መዋጯችን ጥቂቱን ለይተን የማይነካ ዋና ገንዘብ ማድረግ እንችላለን። ገንዘቡ በርከት ሲል ወፍጮ ቤት ገዝተን በገቢው እህቶቻችንን እንረዳለን። በመጪው ጠቅላላ ጉባዔ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። እህቶች፣ አስባችሁበት ኑ፤ የዛሬ ዓመት በራችንን የምታንኳኳ እናት ባዶ እጇን እንዳትመለስ።