አባ ጎርጎርዮስ

አባ ጎርጎርዮስ (1595 ገደማ – 1658 እ.ኤ.አ.) በዛሬው ደቡብ ወሎ ውስጥ በምትገኘው መካነ ሥላሴ የተወለዱ ኢትዮጵያዊ ቄስና የቋንቋ ሊቅ ነበሩ። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ላዘጋጃቸው የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ዋናው የእውቀት ምንጭ እሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያው የታተመ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የወጣው እሳቸው ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ስደት

መካነ ሥላሴ በጥንቱ የአምሐራ አውራጃ ስመ ጥር ደብር ነበረች። ቤተ ክርስቲያኑን አፄ ናዖድ አስጀምረው ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል አስፈጽመውታል። በ1531 ግን በኢማም አሕመድ ኢብራሂም (ግራኝ) ጦር ተቃጠለ። አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት ከቃጠሎው 60 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከመኳንንት ወገን ነው። የዛሬዋ የዞኑ ዋና ከተማ ደሴ በዚያ ጊዜ ገና አልተቆረቆረችም፤ የተመሠረተችው ወደ ሦስት መቶ ዓመት ግድም ዘግይታ ነው።

በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ አባ ጎርጎርዮስም ከተቀበሉት ካህናት አንዱ ሆኑ፤ ለፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝም ቅርብ ነበሩ። በ1632 የተዋሕዶ እምነት በአዋጅ ሲመለስና አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ፣ አብረዋቸው የቆሙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ አጡ። አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ለቀው በመጨረሻ ሮማ ደረሱ። በዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ባለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ተቀመጡ። ገዳሙ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ነጋድያን ማረፊያ ሲሆን፣ በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት አባ ተስፋ ጽዮንም የኖሩት እዚያው ነው።

ከሉዶልፍ ጋር

በ1649 ሉዶልፍ ወደ ገዳሙ መጣ። ግዕዝን የተማረው አውሮፓ ውስጥ ታትመው ከነበሩት ጥቂት መጻሕፍት ነበርና፣ ቋንቋው ከኢትዮጵያዊ አንደበት ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። ከገዳሙ ነዋሪዎች አንዱ አባ እንጦንዮስ ዳንድራዴ ፖርቱጋላዊ ደም ያለባቸው በመሆናቸው መጀመሪያ ላይ በመግባባቱ ረድተዋል። ብዙ ሳይቆይ ግን ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስ በግዕዝ መነጋገርና መጻጻፍ ጀመሩ። ሉዶልፍ እስከዚያ ድረስ ይጠቀምበት የነበረው በ1638 ሮማ ላይ የታተመው የያዕቆብ ዌመርስ መዝገበ ቃላት ሲሆን፣ አሁን በእጁ የገባው እያንዳንዱን ቃል ሊጠይቀው የሚችል ሰው ነበር።

በ1652 የሳክሶኒ ጎታ መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጎታ አስጠሩ። ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ገና በመሠራት ላይ በነበረው የፍሪደንስታይን ቤተ መንግሥት በእንግድነት ቆዩ። መስፍኑና አማካሪዎቻቸው ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ ሕግ፣ መልክዓ ምድርና የነገሥታት ወግ ጠየቋቸው፤ ሉዶልፍ አስተርጓሚ ነበር። ለእምነታቸው ሲሉ የተሰደዱ የካቶሊክ ቄስ በሉተራውያን አደባባይ ተቀምጠው የጥንት ቤተ ክርስቲያናቸውን ሥርዓት እንዲያብራሩ መደረጋቸው የሚያስገርም ነው። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1691 ባወጣው ማብራሪያ ውስጥ ያለው ብዙ ነገር ከእነዚህ ውይይቶች የተገኘ ነው። መስፍኑ በ1663 ዮሐንስ ሚካኤል ቫንስሌብን ወደ ኢትዮጵያ ላኩ፤ መልእክተኛው ግን ከግብፅ አላለፈም።

የመዝገበ ቃላቱ ሥራ

ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚያ በፊት የቃላት መጽሐፍ አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። ሰዋስው የሚባሉት የብራና መጻሕፍት የግዕዝን ቃል በአማርኛ ይፈቱ ነበር፤ ተማሪም ግሱን በቃሉ ይይዝ ነበር። ሰዋስው ማለት መሰላል ሲሆን፣ ስያሜው የግብፅ ክርስቲያኖች የቅብጥን ቃላት በዐረብኛ የፈቱባቸው መጻሕፍት ከሚጠሩበት ስም ጋር አንድ ትርጉም አለው። ሉዶልፍ የፈለገው ግን ቃላቱ በሥራቸው ተደርድረው፣ ትርጉማቸው በላቲን ተሰጥቶ፣ ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ዘመዶቻቸው ጋር የሚነጻጸሩበት መጽሐፍ ነበር።

የሥራ ክፍፍላቸውም ከዚህ ይመነጫል። አገባቡን ያበጀው ሉዶልፍ ነው፤ ቃሉ በየቦታው ምን እንደሚሉት፣ እንዴት እንደሚነበብና አማርኛው ከግዕዙ የት ላይ እንደሚለይ የሚያውቁት ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ግዕዝ የመጽሐፍ ቋንቋ፣ አማርኛ ደግሞ የቤተ መንግሥት ቋንቋ መሆኑንም ሉዶልፍ ለአውሮፓ አንባቢ ያስረዳው ከእሳቸው ተምሮ ነው። ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 11 የመጀመሪያዎቹን 13 ቁጥሮች ወደ አማርኛ መልሰውለታል። ሁለቱ ከተለያዩ በኋላም ሥራው በደብዳቤ ቀጠለ።

የግዕዙ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ለንደን ላይ ታተመ። ሉዶልፍ በእትሙ ባለመደሰቱ መዝገበ ቃላቱን በ1699፣ ሰዋስዉን ደግሞ በ1702 አስፍቶ ፍራንክፈርት ላይ እንደገና አሳተማቸው። የአማርኛው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የወጡት በ1698 ነው። በአማርኛው ሥራ ሉዶልፍ የተደገፈው በዋናነት በአንድ ሰው አንደበት ላይ በመሆኑ፣ መጽሐፉ የያዘው በ17ኛው መቶ ዘመን የአምሐራ አውራጃ ተወላጅ የሆነ አንድ ካህን የሚናገረውን አማርኛ ነው። ይህ እንደ መዝገበ ቃላት ጉድለቱ ነው፤ የቋንቋውን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ግን ዋጋው እዚሁ ላይ ነው።

ሞት

አባ ጎርጎርዮስ ከጎታ ወደ ጣሊያን ተመለሱ። ወደ ኢትዮጵያ የመመለስ ምኞታቸውን አልተዉም ነበር። በ1658 ወደ አገራቸው ለመግባት ሲጓዙ የተሳፈሩባት መርከብ በእስክንድሩና (በዛሬዋ ቱርክ) አቅራቢያ ተሰበረችና ባሕር ውስጥ ሰጥመው ሞቱ። ከለንደኑም ሆነ ከፍራንክፈርቱ እትም አንዱንም ሳያዩ አለፉ።

መጻሕፍቱ የሚታወቁት በሉዶልፍ ስም ነው። ሉዶልፍ ግን የመምህሩን ስም አልሸሸገም፤ በታሪክ መጽሐፉ በተደጋጋሚ እየጠራ ያመሰግናቸዋል። የግዕዙ መዝገበ ቃላት አውጉስት ዲልማን በ1865 የራሱን እስኪያወጣ ድረስ ከ200 ዓመት በላይ በአውሮፓ ዋናው መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። በአማርኛም ካርል ኢዘንበርግ በ1841 ሌላ መዝገበ ቃላት እስኪያሳትም ድረስ የ1698ቱ ብቻውን ነበር። ሁለቱ በግዕዝ የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀርመን ውስጥ ታትመዋል።