ጄምስ ኔይስሚዝ፦ እምነትና አሠልጣኝነት በትምህርት ቤት ስፖርት

የቅርጫት ኳስ ፈልሳፊ ጄምስ ኔይስሚዝ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የመጀመሪያው አሠልጣኝ ሳለ 55 ጨዋታ አሸንፎ በ60 ተሸንፏል። ውጤቱ ብዙውን ጊዜ እንደ አስቂኝ አጋጣሚ ይወሳል። ይህ ጽሑፍ ግን ከሰውየው ሃይማኖታዊ አቋም ተነጥሎ ሊታይ እንደማይገባ ይከራከራል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኔይስሚዝ በ1861 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ተወለደ። በልጅነቱ ወላጆቹን በሞት ተነጥቆ በአጎቱ እጅ አደገ። በሞንትሪያል ነገረ መለኮት ሲያጠና ኃይል የበዛበትን የሜዳ ጨዋታ መጫወቱ በመንፈሳዊ ኮሌጁ ባልንጀሮቹ ዘንድ አልተወደደለትም። እርሱ ግን ወጣቶችን በበጎ ጠባይ ለማነጽ ስፖርት ከስብከት የማያንስ መንገድ መሆኑን አመነ። ስለዚህም በ1890 ከሰበካ አገልግሎት ይልቅ በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ የሚገኘውን የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መረጠ።

በዲሴምበር 1891 አለቃው ሉተር ጉሊክ በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ የሚካሄድ ጨዋታ እንዲያዘጋጅ አዘዘው። ያወጣቸው 13 ሕጎች ኳስ ይዞ መሮጥን፣ መግፋትን፣ መጥለፍንና መማታትን ከለከሉ። ግቡም ከተጫዋቾች ራስ በላይ በመሰቀሉ ከጉልበት ይልቅ ስልት ዋጋ አገኘ። እምነቱ ወደ ጨዋታው የገባው በስብከት ሳይሆን በሕግ ነበር ማለት ይቻላል።

በሕክምና ተመርቆ በ1898 ወደ ካንሳስ ሲሄድ የተቀጠረው የቤተ ጸሎት ኃላፊና የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኖ ነው። በእርሱ ዓይን ቅርጫት ኳስ ለተማሪው ጤናና ጠባይ የሚበጅ ጨዋታ እንጂ የአሠልጣኝ ጥበብ የሚፈተንበት መድረክ አልነበረም። በ1907 ቡድኑን የተረከበው የቀድሞ ተማሪው ፎረስት አለን ግን አሠልጣኝነትን ራሱን የቻለ ሙያ አደረገው። ኔይስሚዝ በበኩሉ በ1916 የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሆኖ ተሾመ።

የዚህ አቋም ብርታትም ወሰንም የታየው በ1930ዎቹ ነው። ጥቁሩ ተማሪ ጆን ማክሌንደን በዘር ልዩነት ምክንያት ለዩኒቨርሲቲው ቡድን መሰለፍ ተከለከለ። ኔይስሚዝ አማካሪው ሆኖ ሙያውን አስተማረው፤ ማክሌንደንም ኋላ ስመ ጥር አሠልጣኝ ሆነ። የቡድኑ በር ግን ኔይስሚዝ በ1939 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ለጥቁር ተማሪዎች እንደተዘጋ ቆየ።

ስለሆነም በትምህርት ቤት ስፖርት የሃይማኖትን ድርሻ የሚመረምር ጥናት በሜዳ ላይ በሚደረግ ጸሎት ብቻ ሊወሰን አይገባም። ሕጉ የሚከለክለውን፣ አሠልጣኙ የሚያስቀድመውንና ከሜዳው ውጭ የቀረውን ተማሪ ጭምር ሊጠይቅ ይገባል።