የቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ የወጣትነት ዘመን በነጭ ዓባይ ዳር

ወንጌልን ለመስበክ ወደ ባዕድ አገር የሄደ ሰው ታሪኩ ሲነገር፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ያነጸው ቤተ ክርስቲያንና ያጠመቀው ሕዝብ ነው። የቅዱስ ዳንኤል ኮምቦኒ ሥራ ሥሩ ግን ሌላ ነው። ይኸውም ገና የ26 ዓመት ወጣት ካህን ሳለ በነጭ ዓባይ ዳር በዲንካ ሕዝብ መካከል የተቀመጠበት 11 ወር ነው። በዚያ ዘመን ታላቅ ሕንጻ አላቆመም፥ ብዙ ሕዝብም አላጠመቀም። ቋንቋ ተማረ፥ ታመመ፥ ወንድሙን ቀበረ፥ ታገሠ። ኋላ የሠራው ሁሉ የበቀለው ከዚህ ነው።

ዳንኤል የተወለደው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በማርች 15 ቀን 1831 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ፥ በጋርዳ ሐይቅ ዳር ባለችው በሊሞኔ መንደር ነው። አባቱ ሉዊጂ በባለጠጋ ሰው የሎሚ አትክልት ውስጥ የሚሠራ ድኻ ነበረ፤ እናቱም ዶሜኒካ ትባል ነበር። 8 ልጆች ወልደው ሁሉም በሞት ስለ ተለዩአቸው የቀረላቸው ዳንኤል ብቻ ነበረ። የሚያስተምሩበት ገንዘብ ስላልነበራቸው በቬሮና ከተማ አባ ኒቆላ ማጻ ለድኾች ልጆች ባቆመው ትምህርት ቤት አስገቡት። በዚያም ሳለ ከሱዳን የተመለሰው አባ አንጀሎ ቪንኮ የአፍሪካን ሕዝብ ነገር ሲተርክ ሰማና ልቡ ተነካ። በ1849 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ዕድሜው 17 ዓመት ሳለ፥ ሕይወቱን ለአፍሪካ ለመስጠት በመምህሩ ፊት ተሳለ። በ1854 ዓ.ም. መጨረሻ ቅስና ተቀበለ። በማግሥቱም ዓመት የኮሌራ በሽታ በቬሮና አውራጃ በገባ ጊዜ ሕሙማንን እያስታመመ አገለገለ።

የመሄጃው ቀን በቀረበ ጊዜ ግን ጭንቅ ያዘው። ያስጨነቀው የበረሓው ሙቀትና የሞት ፍርሃት አልነበረም፤ የአባቱና የእናቱ ነገር ነበረ እንጂ። አንድ ልጃቸው እርሱ ብቻ ሆኖ ሳለ እንዴት ትቶአቸው ይሂድ? ከዕለት ወደ ዕለት ልቡ ሲመላለስበት ወደ ንስሓ አባቱ ሄዶ ነገሩን ሁሉ ገለጠለት። አባቱም መርምሮ ጥሪው ከእግዚአብሔር መሆኑን አረጋገጠለት። ወላጆቹም እያለቀሱ መርቀው ሰደዱት። በሴፕቴምበር ወር 1857 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ካህናት ከአባ ቤልትራሜ፥ ከአባ ዳል ቦስኮ፥ ከአባ ኦሊቦኒና ከአባ ሜሎቶ ጋራ ወደ ግብፅ ተነሣ።

በኢየሩሳሌም ቅዱሳት መካናትን ከተሳለመ በኋላ በዓባይ ወንዝ ሽቅብ በመርከብ፥ በረሓውንም በግመል ተጕዞ በጃንዋሪ ወር 1858 ዓ.ም. ካርቱም ደረሰ። በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሦስት ዓመት ሊሆናቸው ነበር። ከካርቱም በሚሲዮኑ መርከብ ተሳፍረው በሽሉክና በኑዌር አገር መካከል አልፈው በፌብሩዋሪ 14 ቀን ቅዱስ መስቀል ወደሚባለው ሰፈር ገቡ። ይህን ሰፈር የመሠረተው አባ ሞዝጋን እነርሱ ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ሞቶ ነበርና አዲሶቹን ካህናት የተቀበላቸው የሐዘን ቤት ነው።

ሰፈሩ የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆዎች ነበሩት፤ ቤተ ክርስቲያኑም ያው ጎጆ ነበረ። ዙሪያው ረግረግ፥ ቄጠማና ደንገል ነው። አዞና ጕማሬ ከወንዙ፥ ትንኝም ከረግረጉ አይለይም። ቀኑ በቅዳሴና በጸሎት ይጀመርና ከዚያ በኋላ ቋንቋ መማር ይከተላል። የዲንካ ቋንቋ በዚያ ዘመን ሰዋስውም መዝገበ ቃላትም ታትሞለት ስላልነበረ፥ ቃሉን ከሕዝቡ አፍ እየሰሙ በወረቀት ማኖር ግድ ሆነ። ከንጋት እስከ ማታ አንዱን ቃል ደጋግመው ይጠይቃሉ፤ ይሳሳታሉ፤ ይሳቅባቸዋል፤ እንደ ገና ይጠይቃሉ። በአውሮፓ ሊቃውንት የነበሩት ካህናት በዲንካ ሕፃናት ፊት ደቀ መዛሙርት ሆኑ። ይህም ድካም በከንቱ አልቀረም፤ አባ ቤልትራሜ ኋላ በ1870 ዓ.ም. የዲንካን ሰዋስው አሳተመ።

ዲንካዎች ከብት አርቢዎች ናቸው። ከብቱ ሀብታቸው፥ ጥሎሻቸውና መሥዋዕታቸው ነው፤ ለበሬአቸውም ይዘፍኑለታል። በሰማይ ያለውን ፈጣሪ ኒያሊክ ብለው ይጠሩታል። ስለዚህ ወጣቱ ካህን የእግዚአብሔርን ስም ወደማያውቅ ሕዝብ እንዳልመጣ አስተዋለ። ነገር ግን ታላቅ እንቅፋት ነበረበት። ከካርቱም የሚወጡ የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች በዚያው ወንዝ እየመጡ ሰውን በባርነት ይነዱ ነበርና፥ ሕዝቡ በመርከብ የመጣውን ባዕድ ሁሉ ቢፈራ የሚያስደንቅ አልነበረም። ካህኑ ከነጋዴው የተለየ መሆኑን በስብከት ማስረዳት አይቻልም፤ አብሮ በመቀመጥ፥ ቁስለኛውን በማጠብና መድኃኒት በመስጠት ካልሆነ በቀር።

በዚህ መካከል ንዳድ ገባባቸው። ንዳድን የምታስተላልፍ ትንኝ መሆንዋ የታወቀው በ1897 ዓ.ም. ነውና፥ በዚያ ጊዜ ሰዎች በሽታውን ከረግረግ የሚነሣ ክፉ አየር ያመጣዋል ይሉ ነበር። በመጡ በ40ኛው ቀን፥ በማርች 26፥ አባ ኦሊቦኒ ዐረፈ። በሞት አልጋ ላይ ሳለም ወንድሞቹን ሰብስቦ፥ ከእነርሱ አንድ ሰው ብቻ እንኳ ቢተርፍ ሥራውን እንዳይተው ለመናቸው። ዳንኤልም በዚያ አልጋ አጠገብ የገባውን ኪዳን እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም። እርሱም ራሱ ንዳዱ እየደጋገመ ጥሎት ብዙ ጊዜ ለሞት ደርሶ ነበር።

ከዚህ የባሰ ሐዘን ግን በመንገድ ነበረ። ነፋሱ ከሰሜን በሚነፍስበት ወራት ካልሆነ መርከብ ወደ ላይ ስለማይወጣ፥ ደብዳቤ የሚደርሳቸው ከብዙ ወር በኋላ ነው። እናቱ ዶሜኒካ በጁላይ ወር 1858 ዓ.ም. ዐርፋ ነበር፤ ልጅዋ ግን እስከ ኖቬምበር አልሰማም። አራት ወር ሙሉ በሕይወት እንዳለች እያሰበ ሲጸልይላት ኖረ። ወሬው በደረሰው ጊዜ አልቅሶ፥ ብቻውን ለቀረው አባቱ የሚያጽናና ደብዳቤ ጻፈ። ትቶአት በመሄዱ የተጨነቀላት እናቱ ሳትሰናበተው ሄደች፤ እርሱ ግን ጥሪውን አላማረረም።

በጃንዋሪ ወር 1859 ዓ.ም. ከቀሩት ጋራ ወደ ካርቱም ወረደ። በዚያም አባ ሜሎቶ ሞተ። ዳንኤል በሽታ አድክሞት ወደ ቬሮና ተመለሰ፤ የቅዱስ መስቀልም ሰፈር ብዙ ሳይቈይ ተዘጋ። በሰው ዐይን ሲታይ ሁሉ የጠፋ ይመስል ነበር። እርሱ ግን ከዚያ ጥፋት ትምህርት ወሰደ። በ1864 ዓ.ም. በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ መቃብር አጠገብ ሲጸልይ አሳብ መጣለት። አፍሪካ የምትድነው በአፍሪካውያን በራሳቸው መሆኑን፥ የአገሩ ልጆችም ካህናት፥ መምህራንና ሐኪሞች ሆነው ወገናቸውን እንዲያገለግሉ ማስተማር እንደሚገባ በጽሑፍ ገለጠ። ይህን አሳብ የወለደው የቅዱስ መስቀል መቃብር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከዚህ በኋላ በ1867 የወንዶችን፥ በ1872 የሴቶችን ማኅበር መሠረተ፤ በ1877 ጵጵስና ተሾመ። የባሪያን ንግድ ሲቃወምና በረኃብ ዘመን ሕዝቡን ሲረዳ ኖሮ በኦክቶበር 10 ቀን 1881 ዓ.ም. በ50 ዓመቱ በካርቱም ዐረፈ። በ2003 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ቅዱስ ብለው ዐወጁት። ልጆቹም የኮምቦኒ ሚሲዮናውያን በ1964 ዓ.ም. ወደ ሲዳማ ምድር መጥተው፥ እንደ አባታቸው አስቀድመው የሕዝቡን ቋንቋ ለመማር ተቀመጡ።

የኢዮቤልዩ በዓል የሚያከብር ምእመን ዛሬ የሚያየው ጕልላቱንና የጉባኤውን ብዛት ነው። ከዚህ አስቀድሞ ግን ማንም ያላያቸው፥ ፍሬአቸውም ያልታየ ቀኖች ነበሩ፤ በእነዚያም ቀኖች ቃል ሲለቅሙ የዋሉ፥ ሕሙማንን ያጠቡ፥ ወንድሞቻቸውን የቀበሩ ሰዎች ነበሩ። የዘሩትን ሳያጭዱ ያለፉትን ሁሉ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያስባቸው፤ የቅዱስ ዳንኤልም በረከት ከካህናቱና ከሕዝበ ክርስቲያኑ ጋራ ይኑር። አሜን።