የመምህራን መምህር፦ ጆርጅ ፖሊያ (1887–1985)

አንድ መምህር የክረምት ሥልጠና ገብቶ ሲወጣ ምን ይዞ ይመለሳል? አንድ ደብተር ሙሉ ማስታወሻ ነው? የምስክር ወረቀት ነው? ወይስ ሥራ ሲጀመር ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ የሚጠቀምበት ነገር? ይህ ጥያቄ በእኛ አልተጀመረም። አንድ ስመ ጥር የሂሳብ ሊቅ ጡረታ ከወጡ በኋላ የቀረውን ጉልበታቸውን ለዚሁ ጥያቄ ሰጥተውታል። እኚህ ሰው ጆርጅ ፖሊያ ይባላሉ። ለዛሬው ዓምዳችን የመረጥነውም የእሳቸውን ሕይወት ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ፖሊያ የተወለዱት ዲሴምበር 13 ቀን 1887 በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ነው። አባታቸው የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ ልጃቸው ገና አሥር ዓመት ገደማ ሳለ ሞቱ። እናትየው ልጃቸው የአባቱን ሙያ እንዲይዝ ይመኙ ስለነበር ፖሊያ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ መጀመሪያ የተመዘገቡት ለሕግ ትምህርት ነበር። ግን አልሆነላቸውም። ሰልችቷቸው ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ተዉት። ከዚያ ወደ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ዞሩ፤ በዝቅተኛ ክፍሎች ላቲንና ሀንጋሪኛ ለማስተማር የሚያበቃ የምስክር ወረቀትም አገኙ። በወረቀቱ ይኮሩበት ነበር እንጂ አንድ ቀንም አልሠሩበትም። ቀጥሎ ፍልስፍና ጀመሩ። ፍልስፍናውን በሚገባ ለመረዳት ፊዚክስና ሂሳብ እንዲወስዱ አስተማሪያቸው መከሯቸው። በዚህ ምክር የተነሳ ሂሳብ ውስጥ ገቡ፤ ገብተውም ቀሩ።

ልብ እንበል! ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ቁጥር ሲቆጥር የኖረ አልነበረም። ትምህርት ቤት ሳሉ ካስተማሯቸው የሂሳብ መምህራን መካከል አብዛኞቹን በጥሩ አያነሷቸውም ነበር። በኋላ ስለ መምህር አሠለጣጠን አጥብቀው መከራከራቸው ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ዶክትሬታቸውን በ1912 ከማግኘታቸው በፊት ለአንድ ዓመት ያህል ቪየና ተቀምጠው ነበር። እዚያም ለኑሯቸው መደጎሚያ የአንድ ባለ ማዕረግ ልጅ በግል ያስጠኑ ነበር። ልጁ ትምህርቱ አልገባ ይለዋል። ፖሊያ አንድን ጥያቄ ደጋግመው ይሠሩለታል፤ ልጁም እሺ እሺ ይላል፤ ሌላ ጥያቄ ሲሰጠው ግን ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ፖሊያ ማታ ማታ እየተቀመጡ ልጁ የጐደለው ምን እንደሆነ ያወጡና ያወርዱ ጀመር። ልጁ የጐደለው ቀመር አልነበረም፤ ያልታወቀ ነገር ሲገጥመው ራሱን የሚጠይቀው ጥያቄ ነበር። ስለ ችግር አፈታት የነበራቸው ሐሳብ የተፀነሰው በዚያን ጊዜ እንደሆነ በኋላ ተናግረዋል።

በዙሪክ

በ1914 ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ከተማ በሚገኘው የፌዴራል የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። እዚያ 26 ዓመት ቆዩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የትውልድ አገራቸው ጦር ሲጠራቸው አልሄድም አሉ። በዚህ ምክንያት እታሠራለሁ ብለው ስለ ሰጉ ሀንጋሪን ዳግም ያዩት በ1967 ነው። በ1918 ስቴላ ዌበር የተባለች ስዊዘርላንዳዊት አገቡ፤ ጋብቻቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ 67 ዓመት ያህል ዘለቀ።

የአስተሳሰባቸውን ጠባይ የሚያሳይ አንድ ታሪክ እናንሳ። ፖሊያ ዙሪክ አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ በእግር መንሸራሸር ይወዱ ነበር። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ከእጮኛው ጋር ሲሄድ ያገኙታል። ትንሽ ቆይተው እንደገና ይገናኛሉ። ከዚያም እንደገና! ሰውየው አፈሩ፤ ይከታተለናል ብለው እንዳይጠረጥሩኝ አሉና ተጨነቁ። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ሄዶ ይስቅበት ነበር። ፖሊያ ግን ያለ ዓላማ ወዲያና ወዲህ የሚሄድ መንገደኛ ተመልሶ የተነሳበት ቦታ የመድረሱ ዕድል ምን ያህል ነው ብለው ጠየቁ። በ1921 ያወጡት መልስ እንዲህ ነው፦ እንደ ከተማ መንገድ በተዘረጋ ሜዳ ላይ ከሆነ መንገደኛው አንድ ቀን ይመለሳል፤ ወደ ላይና ወደ ታችም መሄድ ከቻለ ግን መመለሱ እርግጠኛ አይደለም። ይህ ውጤት ዛሬም በፕሮባቢሊቲ ትምህርት ውስጥ በስማቸው ይጠራል።

በ1925 ከአገራቸው ልጅ ከጋቦር ሴጎ ጋር ሆነው ባለ ሁለት ቅጽ የጥያቄዎች መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ጥያቄዎቹን በርዕስ ሳይሆን በአፈታት ዘዴያቸው መደርደሩ እስከዚያ ያልተለመደ ነበር።

ወደ አሜሪካ

በ1940 የናዚ ጦር ስዊዘርላንድንም ይወራል የሚል ስጋት ስለ ነበር ፖሊያና ባለቤታቸው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ሁለት ዓመት ያህል ብራውን ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ በ1942 ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መጡ። መጀመሪያ በጀርመንኛ ረቂቁን የጻፉትን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው ለአሳታሚዎች አቀረቡ። ጥቂት አሳታሚዎች መለሱላቸው። በመጨረሻ በ1945 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አወጣው። መጽሐፉ ችግርን እንዴት መፍታት እንደሚቻል የሚያስረዳ ሲሆን ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ በብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል።

የመጽሐፉ ፍሬ ነገር አራት ደረጃ ነው። አንደኛ ጥያቄውን መረዳት፣ ሁለተኛ ዕቅድ ማውጣት፣ ሦስተኛ ዕቅዱን መፈጸም፣ አራተኛ የተሠራውን ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር። ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ ግን መምህሩ ተማሪውን በነዚህ ደረጃዎች እንዴት ይመራዋል የሚለው ላይ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። ፖሊያ ለዚህ የሚወዱት ጥያቄ የሚማሩበትን ክፍል ራሱን ነበር። አንድ ክፍል ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ነው እንበል። ከወለሉ አንድ ማዕዘን ተነስቶ ከፊት ለፊቱ ካለው የጣሪያ ማዕዘን የሚደርስ ገመድ ስንት ሜትር ይሆናል? ችኩል መምህር ወዲያው ቀመሩን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። የፖሊያ መምህር ግን ይጠይቃል። የምንፈልገው ምንድን ነው? የተሰጠንስ? ከዚህ የሚቀል፣ ከዚህ ጋር የሚዛመድ ጥያቄ ከዚህ በፊት ሠርተን እናውቃለን ወይ? ተማሪው ዝም ይላል። መምህሩም ይታገሣል። በመጨረሻ አንዱ ባለ ቀጤ ማዕዘን ሦስት ጐን ያስታውሳል፤ ወለሉ ላይ ሰያፍ መስመር ያሰምራል፤ የሱም ካሬ 36 እና 36 ተደምሮ 72 ነው። ይህ መስመርና የግድግዳው ቁመት ደግሞ ሌላ ሦስት ጐን ይሠራሉ፤ 72 እና 9 ተደምሮ 81 ይመጣል። ገመዱ 9 ሜትር ነው ማለት ነው። መልሱን ያገኘው ተማሪው ነው፤ መምህሩ የሰጠው ጥያቄ ብቻ ነው።

የኮሌጅ ኮርስ በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት

ፖሊያ በ1953 ጡረታ ወጡ። ዕድሜያቸው 65 ዓመት ነበር። እውነተኛው የመምህራን አሠልጣኝነት ሥራቸው የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው።

በነዚያ ዓመታት በአሜሪካ አንድ አዲስ ነገር መጥቶ ነበር። ይኸውም ጐበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ገና ት/ቤታቸው ሳሉ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ኮርስ እንዲወስዱ፣ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ካለፉም ኮሌጅ ሲገቡ እንዲታሰብላቸው የሚያደርግ አድቫንስድ ፕሌስመንት የተባለ ፕሮግራም ነው። ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው ድርጅት በ1955 ፕሮግራሙን ተረከበ፤ በ1956 የመጀመሪያዎቹን ፈተናዎች ሰጠ። እነሆ ካልኩለስ ከዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ወርዶ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ገባ። ታዲያ ማን ያስተምረው? ያው የሁለተኛ ደረጃው መምህር! ብዙው መምህር ካልኩለስን የተማረው ድሮ ኮሌጅ ሳለ አንዴ ነው፤ ያም ለፈተና ነበር። መምህር ደግሞ የሌለውን አይሰጥም።

በኦክቶበር 1957 ሶቭየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ አሜሪካውያን ደነገጡ። በብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ቀድሞ ተጀምረው የነበሩት የመምህራን የክረምት ሥልጠናዎች ከዚያ በኋላ እጅግ ተስፋፉ። መምህራኑ በየዩኒቨርሲቲው እየገቡ ለሳምንታት ይማራሉ፤ አበልም ይከፈላቸው ነበር። ስታንፎርድም እንዲህ ያለ ሥልጠና ከሚሰጡት አንዱ ነበር፤ ፖሊያም ከአስተማሪዎቹ መካከል ነበሩ።

እዚያ ያገኟቸው መምህራን አንድ ብሶት ነበራቸው። ፖሊያ እንደ ጻፉት ከሆነ፣ የሂሳብ ክፍሉ የሚያቀርብልን የማይታኘክ ጠንካራ ሥጋ ነው፤ የሥነ ትምህርቱ ክፍል የሚያቀርብልን ደግሞ ሥጋ የሌለበት ውሃ ውሃ የሚል ሾርባ ነው እያሉ ያማርሩ ነበር። አንደኛው ወገን ዕውቀቱን ያፈሳል፤ ለክፍል እንዴት እንደሚሆን አይነግርም። ሁለተኛው ስለ ማስተማር ያወራል፤ ምን እንደሚማሩ ግን የለበትም። በመሐል ቤት መምህሩ ጦሙን ያድራል።

የፖሊያ መፍትሔ አዲስ የንግግር ኮርስ መጨመር አልነበረም። ሥልጠናውን የችግር መፍቻ ሴሚናር አደረጉት። የሚሰጡት ጥያቄ ከሁለተኛ ደረጃ ዕውቀት ብዙ የማይርቅ፣ ሆኖም በለመዱት ቀመር ብቻ የማይፈታ ነበር። መምህራኑ በትንንሽ ቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ተነስቶ መምህር ይሆናል፤ ጓደኞቹ ተማሪ ይሆኑለታል። መምህር የሆነው መልሱን መናገር የለበትም፤ በጥያቄ እየመራ ሌሎቹ እንዲደርሱበት ማድረግ አለበት። ከዚያ እሱ ይቀመጥና ሌላው ይነሳል። ሲጨርሱ የማስተማሩን ሁኔታ ይነጋገሩበታል። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሂሳቡም፣ ማስተማሩም፣ ተማሪ ሆኖ መቸገሩም አንድ ላይ መጣ። ፖሊያ አንድ ነገር በራሱ ጥረት ፈልጐ አግኝቶ የማያውቅ መምህር፣ ተማሪውን ፈልገህ አግኝ ሊለው አይችልም ብለው ያምኑ ነበር። በ1962 እና በ1965 በሁለት ቅጽ ያወጡት መጽሐፍም ከነዚህ ሴሚናሮች የተገኘ ነው።

ለመምህራን አሥር ትእዛዛትም ጽፈው ነበር። የመጀመሪያው መምህሩ ራሱ ትምህርቱን እንዲወደው ይጠይቃል፤ ሁለተኛው እንዲያውቀው። አሰልቺ በሆነብህ ነገር ሌላውን ማስደሰት የለምና! ሌሎቹ ደግሞ የተማሪውን ፊት ማንበብ፣ መገመትን ማስተማር፣ ማረጋገጥን ማስተማር፣ ምሥጢሩን በአንዴ አለማውጣት የሚሉ ናቸው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አዲሱ ሂሳብ የተባለው ሥርዓተ ትምህርት ሲስፋፋ ፖሊያ ዝም አላሉም። በ1962 ከሌሎች ታዋቂ ሊቃውንት ጋር ሆነው ረቂቁን ከተጨባጩ ማስቀደም እንደማይገባ በሚያስጠነቅቀው መግለጫ ላይ ፈረሙ።

የመጨረሻ ዘመናቸው

ፖሊያ እርጅና አላስቆማቸውም። በ1978፣ በ90 ዓመታቸው፣ ስታንፎርድ ውስጥ የመጨረሻ ኮርሳቸውን ሰጡ። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1985 በ97 ዓመታቸው ፓሎ አልቶ ከተማ ውስጥ አረፉ። የኮሌጅ ኮርስ በሁለተኛ ደረጃ ለሚያስተምሩ መምህራን የሚዘጋጀው የክረምት ዐውደ ጥናት በአሜሪካ ዛሬም በየዓመቱ ይካሄዳል። ፖሊያ ያነሱት ጥያቄም አብሮ አለ፦ ሠልጣኙ ተቀምጦ ሲሰማ ይውላል ወይስ ይሠራል?

ይህ ጥያቄ ለእኛም ለሠልጣኞችና ለመምህራን ባዕድ አይደለም። የማስተማር ልምምድ ስንወጣ ብዙዎቻችን ዝምታ ያስፈራናል። ተማሪው ሲያስብ የማናውቅ እየመሰለን መልሱን ቶሎ እንናገራለን። ፖሊያ የሚያስተምሩን በዚያች የዝምታ ደቂቃ መታገሥን ነው። ይህን ደግሞ በንባብ ብቻ አናገኘውም፤ እርስ በርሳችን እየተለማመድን እንጂ።

ስለዚህ ከሳቸው ጥያቄዎች አንዱን እዚሁ እንሞክር። ፖሊያ በ1960ዎቹ አጋማሽ በተሠራ ፊልም ላይ ለተማሪዎች ያቀረቡት ነው። እኛ በድንች እናድርገው። አንድ ድንች በቢላዋ አንዴ በቀጥታ ብንቆርጠው 2 ቦታ ይሆናል። ቁራጮቹን ሳናንቀሳቅስ ሁለተኛ ብንቆርጥ 4፣ ሦስተኛ ብንቆርጥ ቢበዛ 8። አራተኛስ? ሁላችንም 16 እንላለን። አይደለም! ቢበዛ 15 ነው። አራተኛውን የቢላዋ ገጽ ሦስቱ የቀድሞ ቁርጦች ቢበዛ 7 ቦታ ስለሚከፍሉት የሚጨመረው 7 ቁራጭ ብቻ ነውና። ግምታችን ስህተት ሆነ፤ ነገር ግን ባንገምት ኖሮ ለምን ብለን ባልጠየቅን ነበር።

አምስተኛ ብንቆርጥስ? መልሱን ዛሬ አንጽፍም። ሠልጣኞችም መምህራንም ከነምክንያቱ ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍላችን ስጡን፤ በሚቀጥለው እትማችን ከትክክለኛው መልስ ጋር እንለጥፈዋለን።