ይድነቃቸው ተሰማና የነጥብ ሕግ

ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. የተወለዱት፣ ኋላ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በሆነችው ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ በአጥቂነት ተጫወቱ። በ1954 ዓ.ም. ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድናችን ቱኒዚያንም ግብፅንም 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳ። በሁለት ጨዋታ 8 ጎል!

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሩ። በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተደረገው ውድድር ፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም፤ ዋንጫው የሚለየው በነጥብ ድምር ነበር። ጊኒ የግድ ማሸነፍ ሲኖርባት ለሞሮኮ አቻ በቂዋ ነበር፤ 1 ለ 1 ወጥታ ዋንጫውን ወሰደች። ሞሮኮን መውቀስ አይገባም፤ ደንቡ ፈቅዶላታል። ሰው ሕግ የሚሸልመውን ያደርጋልና።

ያኔ ድል 2፣ አቻ 1 ነጥብ ያሰጥ ነበር። የዓለም ዋንጫ ለድል 3 ነጥብ መስጠት የጀመረው በ1986 ዓ.ም. ነው። በ1979 ዓ.ም. ያረፉት ይድነቃቸው ይህን አላዩም።

ለውጡ ተገቢ ነበር እላለሁ፤ አቻን ከግማሽ ድል ወደ ሲሶ አውርዶታልና። ሆኖም ደንብ ብቻውን አጥቂ አያፈራም። የቦንጋ ልጆች ጎል እንዲናፍቁ ከፈለግን የይድነቃቸውንም ታሪክ እናስተምራቸው።